ለእህቴ ፀጉር ያልቀዳሁት ውሃ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጧት፣ ደብረ ማርቆስ ልጄ ቤት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል የሬንጅ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። መንገድ ሠሪዎች በበርሜል የሚያፈሉት ዓይነት ሬንጅ ነው፣ ግን ሳሳ ያለና ከሳሙና ጋር የተቀላቀለ። ከየት እንደመጣ ሳላስብ፣ ደረቴ ላይ ገመድ የተጠመጠመብኝ መሰለኝ፣ ጀርባዬም ቀዘቀዘኝ።

የልጅ ልጄ ሜሮን ራሷን እያሳከካትና ቅርፊት እየረገፈባት ተቸግራ ከርማ፣ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒትነት ያለው ሻምፖ ታዝዞላት በዚያ መታጠብ ጀምራ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የምታደርገውን ሁሉ አያለሁ። አስቀድማ የፀጉሯን ጫፍ ዘይት አስነካችው፣ ከዚያ ሻምፖውን የራስ ቆዳዋ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጋ፣ ጥፍሯን ሳታስነካ በጣቶቿ ሆድ አሸት አሸት አደረገችው፣ ስልኳን አንስታ አምስት ደቂቃ ሞላችና አጎንብሳ ቆመች።

«አባባ፣ ሽታው ረበሸዎት እንዴ?» አለችኝ አንገቷን ሳታነሳ።

«ኧረ ምንም አይል» አልኳት። ዋሸኋት። በዚህ ሽታ ምክንያት መዋሸት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ መጻፍ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ቤት የወጣሁ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፌም ባልሠለጠነ በሬ እንደታረሰ ማሳ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቢሆንም ስድሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገረው የከረመ ነገር አለኝ፣ እሱን ሳልጽፍ ብሞት ደስ አይለኝም።

የተወለድኩት ከአምበር ወዲያ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ ጤፍና ስንዴ የሚያርስ፣ አራት በሬ ያለው ሰው ነበር። ልጆቹ ሁለት ነበርን፣ እህቴ ይታይሽና እኔ። በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እታለም እላት ነበር፣ ዛሬም እታለም ነው የምላት። በእኛ አገር ሴት ልጅ ሳለች መሀል አናቷን ትላጭና ዳር ዳሩን ታስቀራለች፣ ስትታጭ ግን መላጨቱን ትታ ለሠርጓ ሹሩባ እንዲበቃ ታሳድገዋለች። እታለም ለይጁቤ ሰው ልጅ ታጭታ ፀጉሯን ማሳደግ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። እናቴ በየሳምንቱ እግሯ መሀል አስቀምጣት ፀጉሯን በሚዶ እያበጠረች በስንዝር ስትለካው፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥም ነበር። እጮኛዋን እታለም አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ከሩቅ አይታዋለች። ረጅም ነው ትል ነበር፣ ሌላ ምንም አትልም፣ ግን ረጅም ነው ስትል ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ዝናብ ሐምሌንና ነሐሴን ያለ እረፍት ዘነበ፣ እታለም ውሃ ለመቅዳት በወጣች ቁጥር ራሷ ይበሰብስና ሻሿ ሳይደርቅ ይመሽ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ራሷን ማሳከክ ጀመራት። ከዚያ ነጭ ነጭ ቅርፊት እያወጣ በትከሻዋ ላይ ይረግፍ ጀመር፣ ቅርፊቱም ውሎ አድሮ ወፍሮ ከሥሩ ውሃ ያዥ ነበር። ዛሬ ፎረፎር ይሉታል መሰለኝ፣ የከፋውን ዓይነት። እኛ ግን ራስ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ቆረቆር ነበር የምንለው፣ ቆረቆር ደግሞ ይጋባል። ምንጩ ላይ ያሉት ልጃገረዶች ይህን እንደሰሙ እታለም ስትመጣ እንስራቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ ሳብ ማድረግ ጀመሩ። አንድ ቀን አንዷ እናት በግልጥ፣ ራስሽ እስኪድን ከዚህ ምንጭ አትቅጂ አለቻት። እታለም ባዶ እንስራዋን አዝላ ተመለሰች። አላለቀሰችም፣ እንስራውን ከግድግዳው ጋር አስደግፋ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የቤቱን ውሃ እናቴ ትቀዳ ጀመር። እናቴ ወገቧን ታማሚ ነበረች።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በገበያ ቀን ከደብረ ማርቆስ አምበር እየመጣ ሰው የሚያክም አንድ ድሬሰር አለ ተባለና እናቴ እታለምን ፊቷ ብቻ እስኪቀር ሸፍና ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ። ድሬሰሩ ከሲታ፣ ነጭ ካፖርቱ እጅጌው ላይ የተጣፈ ሰው ነበር። ራሷን ገልጦ አየና መድኃኒቱን ለሚቀጥለው ገበያ ከማርቆስ ይዤላችሁ እመጣለሁ አለ። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ፣ የታጨች ልጅ ሁለት ጊዜ ሐኪም ጋ ታየች ተብሎ ይጁቤ ድረስ ይወራብናል ብሎ ከለከላት፣ እናቴንም ወገቧ ያዛት። ስለዚህ እኔ ተላክሁ። አሥር ዓመት ከምናምን ይሆነኝ ነበር፣ የየኔታ ተማሪ ነኝ፣ የሰማሁትን አልጥልም ተብዬ ነው የተላክሁት። እውነትም አልጥልም ነበር።

ድሬሰሩ ጥቁር ጠርሙስ ሰጠኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ያ ሬንጅ ነው።

«ስማ» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ «አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለህ?»

«በደንብ!» አልኩት።

«እንግዲያው ሰዓት አያስፈልግህም። በሳምንት ሁለት ቀን ነው። መጀመሪያ የፀጉሯን ጫፍ ለጋ ቅቤ ታስነካው፣ ይህ ነገር ያደርቃል። መድኃኒቱ ቆዳዋ ላይ ብቻ፣ ፀጉሯን አይደለም የምናክመው። በጥፍሯ እንዳትፍቀው። ከዚያ አንተ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለህ አምስት ጊዜ ትደግምላታለህ። ከዚያ ውሃ። ሁለት ሙሉ እንስራ፣ ያነሰ አይሆንም። እርጥብ እያለ ሚዶ አይግባበት፣ ጠበቅ ተደርጎም አይጎንጎን። መድኃኒቱ ራሷ ላይ ካደረ ፀጉሯን ይሰባብረዋል። ገባህ? እስቲ በልልኝ።»

አንድ ቃል ሳልጥል አልኩለት። ራሴን ዳበስ አድርጎ ሳቀና ሌላም ነገር ጨመረልኝ። ይህ ቆረቆር አይደለም፣ አይጋባም፣ ለመንደሩ ሰው ንገራቸው አለኝ። እኔም ነገርኳቸው። ምንጩ ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ግን አንድም ያመነኝ አልነበረም። እውነቱን ስናገር ያላመነኝ ሰው፣ በኋላ ስዋሽ እንዴት አድርጎ እንዳመነኝ ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

የጥቅምት ወር ያማረ ነበር። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በፊት፣ ጤፉ አረንጓዴነቱን ሊለቅ ሲል፣ እታለም ከጓሮ ባለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ጫፉን ቅቤ ተቀብታ ራሷን ዘንበል ታደርግ ነበር። እናቴ መድኃኒቱን በጣቷ ሆድ ስታሽላት፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እንደ መሪጌታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አቡነ ዘበሰማያትን እደግማለሁ። አንዳንዴ ጨዋታ አምሮኝ ሳፈጥነው፣ እታለም ዓይኗን እንደጨፈነች «አንተ፣ ሰይጣን ነው እንዴ የሚያባርርህ? ቀስ በል» ትለኝና እናቴ ትስቅ ነበር። ከዚያ እኔ ውሃውን በቅል እየቀዳሁ አፈስላታለሁ። ውሃው ጆሮ ግንዷን ሲያገኛት ትንዘፈዘፍና «ጨምር» ትላለች። አፈስላታለሁ። «ጨምር።» እንስራው ባዶ እስኪሆን ጨምር ጨምር ነበር የምትለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ለቀቀ፣ ቆዳዋም ጠራ። እናቴ ፀጉሯን ስትለካው ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ሆነ።

ያ ሁለት እንስራ ውሃ ግን በራሱ አልመጣም። እናቴ ለቤቱ የምትቀዳው ወገቧን ስለጨረሰው፣ ለራስ ማጠቢያው የምቀዳ እኔ ነበርኩ። ውሃ መቅዳት በእኛ መንደር የሴት ሥራ ነው። ወንድ ልጅ እንስራ ሲያዝል አይቼ አላውቅም፣ አባቴም መጀመሪያ ቀን ሲያየኝ ፊቱን አዙሮ ወደ በሬዎቹ ሄደ። በጥቅምት ሰው ሁሉ አረም ላይ ስለነበር ምንጩ ላይ ብዙም የሚያየኝ አልነበረም። ኅዳር ገብቶ አጨዳ ሲጀመር ግን ነገር ተለወጠ። አጫጆቹ ጥላ ፈልገው የሚያርፉት ከምንጩ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ነበር፣ ከእነሱም ጋር ሞላ የሚባል፣ ከየኔታ ዘንድ አብሮኝ የሚማር፣ ምላሱ የማይተኛ ልጅ ነበረ።

አንድ ረቡዕ እንስራውን ሞልቼ፣ ገመዱን በደረቴ አዙሬ ጎንበስ ብዬ ስነሳ፣ ያ ሞላ ከላይ ሆኖ ስሜን እንደ ሴት ጠራው።

«እትዬ አንዳርጌ፣ ከበደሽ እንዴ?»

አጫጆቹ ሳቁ። እኔ መንገዴን ቀጠልኩ። እሱ ግን ወርዶ ከኋላዬ መጣና አረማመዴን እያስመሰለ፣ «ኧረ ቀስ በይ እትዬ፣ ውሃው እንዳይፈስብሽ። መቼ ነው የምትዳሪው? ከእህትሽ ጋር ነው ወይስ ለብቻ?» ይለኝ ጀመር። ከምንጩ እየቀዱ የነበሩት ልጃገረዶች፣ እነዚያው እንስራቸውን ከእህቴ ያራቁት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ቤት ስደርስ እንስራውን አስቀምጬ ለሁለተኛው መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። ከጓሮው ሆኜ ጥቂት ጊዜ አሳለፍኩና ገባሁ።

እናቴ ቅቤውን ይዛ እየጠበቀች ነበር። «ሌላውስ?» አለችኝ።

እኔም እንዲህ አልኩ። ለካ ረስቼው ነው እንጂ፣ ድሬሰሩ ቅርፊቱ ሲለቅ ብዙ ውሃ አያስፈልግም ብሎኝ ነበር፣ መድኃኒቱ ራሷ ላይ ይደር፣ ሲያድር ነው ሥሩን የሚያደርቀው፣ በማግሥቱ በአንድ ቅል ውሃ አለቅለቅ ማድረግ ይበቃል ብሎኝ ነበር አልኩ። ይህን ሁሉ ሳልደነቃቀፍ አልኩት። እናቴ ትንሽ ተጠራጥራ እርግጠኛ ነህ አለችኝ፣ እኔም ድሬሰሩ ነው ያለው አልኳት። ፊደል የቆጠረ ከቤቱ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ቃሌን ተቀበለች። እንስራ ማዘሌ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን መድኃኒቱ እየተቀባ በላዩ ሻሽ ይታሰርበት ነበር። አቡነ ዘበሰማያት መድገሜም ቀረ፣ ምን ሊለካበት? እታለም አንድ ጧት ስትነቃ «ያቃጥለኛል» አለችኝ። ለእናቴ አይደለም፣ ለእኔ ነው የነገረችኝ፣ ድሬሰሩን ያነጋገርኩት እኔ ነኝና። እኔም መድኃኒት ሲሠራ ያቃጥላል አልኳት። እሺ ብላ ታገሠች። ይህንን ነው እኔ ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ የማልረሳው። እሺ ብላ ታገሠች።

ፀጉሯ መጀመሪያ ለዛውን አጣ። ቅቤ ሲቀባ ይጠጣውና እንደገና ይደርቃል። ከዚያ እንደ ጭድ ሸካራ ሆነ፣ ሚዶ ሲገባበት ኮሽ ኮሽ ይል ጀመር። እናቴ የብርዱ ነው፣ ውርጩ ነው ትልና ሚዶውን ትታ ሻሽ ታስርባታለች። እኔ አውቅ ነበር። ምንጩ ሲቀንስ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ይበዛል፣ ሰው በበዛ ቁጥር የሚስቅብኝ ይበዛል፣ ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያልኩ ዝም አልኩ። በጥር ትዳራለች፣ ያልፋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ጥር ገባ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የሙሽራው አክስት ከይጁቤ በበቅሎ መጣች። ሙሽራዋን ሹሩባ የምትሠራት ከወንዱ ወገን የምትመጣ ሴት ነበረች በእኛ መንደር፣ አዲሱ ቤተ ዘመድ ልጅቷን በእጁ እንዲቀበላት ነው ይሉ ነበር። አክስቲቱ ደግ፣ ተጫዋች ሴት ነበረች። ሐር የመሰለ ፀጉር ይዘሻል ብለውኛል፣ እስቲ አምጪው እያለች እታለምን በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት። ሻሿን ፈታችላት። ሚዶዋን ከአናቷ አስገብታ ወደ ታች ስትስበው፣ ሚዶው ሳይቆም ወረደ፣ የወረደበት ፀጉር ግን ከመሀሉ ተሰብሮ ከሚዶው ጋር በእጇ ቀረ።

አክስቲቱ በቀስታ ሌላውን ጎን አበጠረች፣ እሱም እንደዚሁ ሆነ። አናቷ ላይ ቆዳው ቀልቶ ተሰነጣጥቆ ነበር። እታለም በእጇ ወደ ኋላ ዳበስ ዳበስ አድርጋ የቀረውን ፈለገች፣ የቀረው ከጆሮዋ በታች አልወረደም። እናቴ የወደቀውን ከመሬት እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ምን ልታደርገው እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

አክስቲቱ አልተቆጣችም። ቁርሷን በልታ፣ አመስግና፣ በቅሎዋን ጭና ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሽማግሎች መጥተው፣ ልጁ ገና ነው፣ ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ይቆይ አሉ። ሌላ ጊዜ የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እታለም ጓዳ ሆና ሰማች።

በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ጠርሙሱን ይዞ፣ እኔንም አስከትሎ አምበር ሄደ። ድሬሰሩ ሰው እያከመ ነበር። አባቴ ሰዉን እየገፋ ገብቶ ጠርሙሱን እግሩ ሥር ወረወረና፣ ልጄን አበላሸሃት፣ ባታውቅ አላውቅም አትልም ነበር? ብሎ በገበያተኛው ፊት የማይባል ስድብ ሰደበው። ሽታው ሰፈሩን ሞላው። አባቴ ትንፋሽ ሲያጥረው ድሬሰሩ ወደ እኔ አመለከተ።

«ለልጁ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ራሷ ላይ እንዳያድር ብዬ አስደግሜዋለሁ። እሱን ይጠይቁት።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ገበያው ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። «ራሷ ላይ እንዳያድር ብሎሃል?» አለኝ።

«አላለኝም» አልኩ።

«ማል።»

«አባየ ይሙት» አልኩ፣ እሱ ፊቴ ቆሞ።

ድሬሰሩ አየኝ። የተቆጣ ፊት አልነበረም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ራሱን ዳብሶ የሳቀለትን ልጅ እየፈለገ ያጣው ይመስል ነበር። ዕቃውን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ አምበር ገበያ አልመጣም። ዓይኑ የታመመ፣ ቁስል ያመረቀዘበት፣ ልጁን ትኩሳት የያዘበት ሁሉ ገበያ ቀን መጥቶ ድሬሰሩ የታለ ይል ነበር። ሰዎቹ የእርሱን መቅረት በአባቴ ስድብ ሲያመካኙ እኔ እሰማ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖሮ በእርጅና ነው የሞተ፣ ግን በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት አንድ ጊዜ ባስነጠሰ ቁጥር እኔ የማልኩት መሐላ ትዝ ይለኝ ነበር።

የእታለም ፀጉር ተመልሶ በቀለ። እናቴ የተሰባበረውን በመቀስ አስተካክላ፣ በውሃና በቅቤ ብቻ ይዛው፣ በሁለተኛው ክረምት ከፊተኛውም በለጠ። የይጁቤው ልጅ ግን በዚያው ዓመት ሌላ አገባ። እታለም ሦስት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ፣ ሮብ ገበያ በኩል፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ደጋ ለሚኖር፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሦስት ልጆች ላሉት ሰው ተዳረች። ክፉ ሰው አልነበረም። ረጅምም አልነበረም። እስከ ወንዙ የሸኘኋት እኔ ነኝ፣ ስንለያይም ለእማየ ውሃ ቅዳላት፣ ወገቧን ያማታል ብላኝ ሄደች።

ከዚያ በማግሥቱ እንስራውን አዝዬ በጠራራ ፀሐይ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ያ ሞላ እዚያው ነበረ። እትዬ አንዳርጌ አለኝ። ሞልቼ ሄድኩ። በማግሥቱም አለኝ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ሰለቸውና ስለ አህያው ያወራኝ ጀመር። የፈራሁት ሳቅ በጠቅላላው ሦስት ቀን ነበር ዕድሜው።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህንን ነው። እታለም ራሷ ዓይኗን ልትታከም መጥታ ከእኛ ጋር ሰንብታ ነበር፣ ያን ጧት ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመችና አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። በዚያው ቅጽበት የሜሮን ስልክ ጮኸ፣ አምስት ደቂቃው ሞላ፣ ሜሮንም ቧንቧውን ብትከፍት ሁለት ጊዜ ጎርጎር ብሎ ቀጥ አለ። በማርቆስ ውሃ እንዲህ ያደርጋል።

«አባባ፣ ውሃው ሄደ። ይህ ነገር ራሴ ላይ መቆየት የለበትም፣ ፀጉሬን ያደርቀዋል» አለች።

ተነሳሁ። ልጄ ሥራ ሄዳለች፣ ቤት ውስጥ ውሃ የሚያመጣ ሌላ ሰው የለም። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ማጠራቀሚያ ታንከር ካላቸው ጎረቤቶች ዘንድ ሄድኩና ሁለቱንም ሞልቼ አንዱን እዚያው ተውኩት፣ አንዱን ተሸክሜ መንገዱን ያዝኩ። አንድ ጎልማሳ ሮጦ መጣና አባባ ያምጡት፣ እኔ ላድርስልዎ አለኝ። ተወኝ፣ መንገድህን ሂድ አልኩት፣ ክፉ ሽማግሌ መስዬው ሳይሆን አይቀርም። ማንም አልሳቀም። በቅል ፈንታ በፕላስቲክ ጆግ እየቀዳሁ ሜሮንን አለቀለቅኋት፣ ፀጉሯ በጣቷ መሀል ሲጥ ሲጥ እስኪል ድረስ። ከዚያ በፎጣ ጫን ጫን አድርጋ እንጂ ሳትፈትገው ክፍሏ ገባች።

እታለም ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና «ይህ ሽታ ያንን ድሬሰር አስታወሰኝ» አለች። «አባየ ያን ሁሉ ሰው ፊት ሰደበው። ሳያውቅ ያደረገው ነው፣ ምስኪን።»

ጆጉን አስቀመጥኩ። «እታለም፣ እሱ አልተሳሳተም። ሁለት እንስራ ብሎኝ ነበር። እንዳያድርባት ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ዓይኗ ሐኪሙ ባደረገላት ፋሻ ግማሹ ተሸፍኗል፣ ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።

«እንስራው ከብዶህ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አይ» አልኳት። «ሰው ሳቀብኝ።»

«ምነው ከብዶኝ ነው ባልከኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም፣ እንዲህ ላለ ነገር የአንድ ጧት ወሬ አይበቃምና። ትንሽ ቆይታ ሻሿን ፈታችና ራሷን ዘንበል አደረገች። ፀጉሯ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኗል፣ ሳስቷል፣ አናቷም ይታያል። «ራሴን ካለቀለቅሁ ሰነበትኩ» አለች፣ «ሐኪሙ ዓይኔን ውሃ እንዳይነካው ብሎኛል። ተጠንቅቀህ አፍስስልኝ።»

ግንባሯን በእጄ መዳፍ ጋርጄ አፈሰስኩላት። መድኃኒት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ውሃ ብቻ። አፌ ሳላዝዘው አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረ። ውሃው ጆሮ ግንዷን ሲያገኛት ተንዘፈዘፈች።

«ጨምር» አለች።

ጀሪካኑ አለቀ። ሁለተኛው ጀሪካን ጎረቤት ቤት ነው ያለው አልኳት። ራሷን እንዳዘነበለች፣ ጠብታው ከፀጉሯ ጫፍ እየወረደ፣ «እጠብቅሃለሁ» አለች።

ሄጄ አመጣሁት። ያን ጊዜ ምንጩ ሩቅ ነበር፣ እንስራው የሸክላ ነው፣ ተዳፋቱም ይከብዳል፣ ግን የልጅ ጉልበት ነበረኝ። ዛሬ ታንከሩ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፣ ደቂቃውን ስልክ ይቆጥረዋል፣ የሚታጠበው ፀጉር ግን ሹሩባ አይሠራበትም። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ስደርስ እታለም እንደ ነበረች፣ አንገቷን ደፍታ ነበር።